የአምስት ማርክ ግጥም

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ከምሠራበት ትምህርት ቤት በር ፊት ለፊት አንዲት ጠባብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለች። በሯ ላይ «የሁሉም ክፍል ኖት ይገኛል» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እዚያ ከሚገኘው ኖት መካከል የአሥረኛ ክፍል እንግሊዝኛው የእኔ ነው። ድሮ ይህን ለሰው ስናገር ደረቴን ነፋ አደርግ ነበር። ዛሬ በዚያ በር ሳልፍ መንገዱን ተሻግሬ በማዶ በኩል መሄድ ያምረኛል።

እኛ ዘንድ የእንግሊዝኛ ግጥም እንዴት እንደሚማሩት ለማያውቅ ልንገረው። መምህሩ ይገባና ግጥሙን አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያነባል። ከዚያ ከባድ ቃላቱን ሰሌዳው ላይ ይደረድርና ፍቺ ይሰጣቸዋል። ከዚያ «የግጥሙ መልእክት» ብሎ ይጽፍና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮ ሦስት አራት ዓረፍተ ነገር ያክልበታል። ተማሪው ይገለብጣል። ገልብጦ የጨረሰ ቀና ብሎ አንድ ጥያቄ ይጠይቃል፤ «ቲቸር፣ ፈተና ላይ ይመጣል?» ይመጣል ካሉት በቃሉ ይይዘዋል። አይመጣም ካሉት ደብተሩን ይዘጋል። በዚህ መሐል ግጥሙን የሚያነብ ሰው አይኖርም፤ መምህሩም ቢሆን ድምፁን አወጣ እንጂ አነበበ ማለት ይቸግራል።

እኔም የተማርሁት እንዲሁ ነው። ያስተማሩኝ ሰው በከተማው የታወቁ ነበሩ። ኮታቸውን በበጋም በክረምትም አያወልቁም፤ ጠመኔ ሲይዙ በሁለት ጣታቸው ነው፤ ሰሌዳ ላይ የሚጽፉት ጽሑፍ የታተመ ይመስላል። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ጡረታ ሲወጡ እኔ በዚያው ትምህርት ቤት፣ በእሳቸው ወንበር፣ የእሳቸውን ትምህርት እንዳስተምር ተመደብሁ። ኖት የጻፉበትን፣ ሽፋኑን በካርቶን ያጠነከሩትን ደብተር አምጥተው እጄ ላይ አስቀመጡልኝና «ከዚህ አትውጣ፤ ከወጣህ ተማሪው ይወድቅብሃል» አሉኝ። እኔም አልወጣሁም። ደብተሩን በኮምፒውተር አስጽፌ፣ ከግርጌው «አዘጋጅ» ብዬ ስሜን አሰፈርሁና ለፎቶ ኮፒ ቤቷ ሰጠሁ። በዚህ የተነሳ ጎበዝ መምህር ተባልሁ።

ከደብተሩ ግጥሞች አንዷ አጭር ናት። የማን እንደሆነች የመማሪያ መጽሐፉም አይናገርም። አንድ ገበሬ ዝናብ ከጣለ በኋላ የዘር ከረጢቱን በትከሻው አንግቶ ወደ ማሳው ይወጣል። ማሳው ዳር ይቆማል። አይዘራም። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ሥር ወደ ሥራቸው ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጋሉ። ሰውዬው ሲመሽ ከረጢቱን እንደ ሞላ ይዞ ይመለሳል። ቤቱ ውስጥ ግድግዳው ላይ ሁለት ኮፍያዎች ተሰቅለዋል፤ አንዱን ያወርደዋል፣ ያየዋል፣ መልሶ ይሰቅለዋል። ግጥሙ እዚያ ላይ ያበቃል።

የጋሼ ደብተር ደግሞ እንዲህ ይላል፤ «ገጣሚው ስንፍናን ያወግዛል። ዝናቡ ያመለጠ ዕድል ምሳሌ ነው። ሁለቱ ኮፍያዎች ሰውዬው ድሎት ወዳድ መሆኑን ያሳያሉ። ከግጥሙ የምንማረው ጊዜያችንን በአግባቡ መጠቀም እንዳለብን ነው።» ይህን ተማሪ ሆኜ በቃሌ ይዤ አምስት ከአምስት አግኝቼበታለሁ። መምህር ሆኜ ደግሞ ስንት ዓመት ሙሉ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁት። የገበሬ ልጅ ነኝ። አባቴ ደብረ ኤልያስ ውስጥ ስንዴ ሲዘራ፣ ማሳ ዳር ሲቆም፣ ሲመለስ እያየሁ ነው ያደግሁት። ኮፍያ ሁለት መሆኑ እንዴት ድሎት እንደሚሆን አንድ ቀን እንኳ ራሴን አልጠየቅሁም።

አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪዬ የመጣችው ከጉንደ ወይን ወዲያ ካለ ገጠር ነበር። እንደ ብዙዎቹ የገጠር ተማሪዎች ከሁለት ጓደኞቿ ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትማራለች። ስንቅ ሲያልቅባት ዓርብ ከሰዓት ትሄድና እሑድ ማታ ዱቄትና ሽሮ ተሸክማ ትመለሳለች። ክፍል ውስጥ ከመስኮቱ ሥር ትቀመጥ ነበር። አትረብሽም፣ እጇንም አታወጣም። አንድ ነገር ግን ከሌሎቹ ይለያታል፤ ኖቱን ገልብጣ ስትጨርስ «ፈተና ላይ ይመጣል?» ብላ አታውቅም። መጽሐፉን ትገልጥና ግጥሙን እንደገና ታየዋለች። እኔ ይህን የምትዘገይ ልጅ ምልክት አድርጌ ነበር የያዝሁት።

በየዓመቱ ከአሥረኛ ክፍል የተሻለ ውጤት ያላቸው ጥቂት ተማሪዎች ምግብና መኝታ ወዳለው አዳሪ ትምህርት ቤት ይመረጣሉ። ለከተማ ልጅ ይህ ስም ነው። ለእሷ ግን መማርና አለመማር ነበር። አባቷ ለቤት ኪራዩም ለስንቁም አቅሙ እንዳለቀ፣ ከተመረጠች እንድትሄድ፣ ካልተመረጠች ግን ቤቷ እንድትገባ መወሰኑን የክፍል ኃላፊዋ የሆነው መምህር ራሱ ነግሮኛል። «ጎበዝ ናት፤ እንግሊዝኛው ብቻ እንዳይጥላት» አለኝ ሻይ እየጠጣን። እኔም «አይጥላትም፤ ኖቷን ካነበበች» አልሁት። ማወቄን የምነግራችሁ በኋላ አላወቅሁም ነበር ብዬ እንዳላመልጥ ነው።

በማጠቃለያ ፈተናው ላይ ያቺ ግጥም መጣች። አምስት ማርክ ነበራት። የሁሉንም ሴክሽን ወረቀት የምናርመው በአንድ የእርማት ቁልፍ ነው፤ ቁልፉን ያዘጋጀሁት ደግሞ እኔ ነኝ። «ስንፍና» የሚል ካለ አምስት። «ጊዜ» የሚል ብቻ ካለ ሦስት። ሁለቱም ከሌሉ ዜሮ። እንዲህ የተደረገው መምህራኑ እንዳንከራከር ነው፤ ሦስት ሰው አንድን ወረቀት ቢያርም አንድ ዓይነት ማርክ እንዲመጣ። የዲፓርትመንት ኃላፊው በስብሰባ ላይ አመስግኖኛል።

የእሷ ወረቀት የደረሰው ለእኔ ነበር። እንግሊዝኛዋ ይንገዳገዳል፤ ያለፈውን ከአሁኑ ትቀላቅላለች። የጻፈችው ግን ይህ ነበር። «ይህ ሰው ሰነፍ አይደለም። ሰነፍ ዘር ተሸክሞ እስከ ማሳው አይሄድም፤ ቤቱ ይተኛል። ጎረቤቶቹ ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ሰው ስለሞተበት ነው። ሰነፍ ቢሆን ኖሮ ይስቁበት ነበር። አንደኛው ኮፍያ የሞተው ሰው ነው። ይህ ሰው መዝራት ያልቻለው አብሮት የሚዘራ ሰው ስለሌለ ነው።»

እስክሪብቶዬ ቆም አለ። ይህን አልክድም። የሆነ ነገር ሆዴን ነካ አድርጎኝ ነበር። ከዚያ ከጎኔ የተቆለለውን ያልታረመ ወረቀት አየሁ፤ ቁልፉን አየሁ፤ ስንፍናም የለም፣ ጊዜም የለም። በቀይ እስክሪብቶ አንድ ክብ ዜሮ አደረግሁና ወደሚቀጥለው ወረቀት አለፍሁ።

ወረቀት በሚታይበት ቀን ወደ መምህራን ክፍል መጣች። ሁለት ባልደረቦቼ አብረውኝ ተቀምጠዋል። ወረቀቱን በሁለት እጇ ይዛ በሩ ላይ ቆመች።

«ቲቸር፣ ይችን ጥያቄ ዜሮ ሰጥተውኛል።»

«ኖትሽን አንብበሻል?»

«አንብቤያለሁ።»

«ኖቱ ምን ይላል?»

«ሰነፍ ነው ይላል።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«አይደለም አልሁ።»

ባልደረቦቼ ሳቁ። ክፋት ያለው ሳቅ አልነበረም፤ የደከመው ሰው ሳቅ ነው። እኔ ግን ሳቁ ደስ አለኝ፤ ሰው ሲስቅልኝ ይብስብኛል።

«ታዲያ ማን ተሳሳተ? ኖቱ?»

ድምፅዋን አለሳልሳ «ቲቸር፣ አባቴ እኮ ወንድሜ የሞተ ዓመት…» ብላ ጀመረች።

«ስለ አባትሽ አልጠየቅሁሽም። ጥያቄው ስለ ግጥሙ ነው።»

ወረቀቱን አጠፈችው። መጀመሪያ ለሁለት፣ ከዚያ ለአራት። «እሺ ቲቸር» ብላ ወጣች። አንደኛው ባልደረባዬ «እነዚህ የገጠር ልጆች ሲከራከሩ አይጣል ነው» አለ። ሌላ ወሬ ያዝን።

የተመረጡት ዝርዝር ሲለጠፍ ሄጄ አየሁ። ከመቁረጫ ነጥቡ በሁለት ማርክ ጎድላ ወድቃለች። አምስቱ ይቅርና፣ ቁልፉ «ጊዜ» ላለ ልጅ የሚሰጠውን ሦስቱን ብሰጣት ትገባ ነበር። ይህን እዚያው ግድግዳው ሥር ቆሜ በጣቴ ቆጥሬዋለሁ። ከዚያ ቤቴ ሄጄ ምሳዬን በላሁ። ወጡ ጣፍጦኝ ነበር።

በቀጣዩ ዓመት ትምህርት ቤቱ ብዙ ወራት ተዘግቶ ከረመ። ሲከፈት የመጣው መጣ፤ ያልመጣውን የት ገባ ያለ አልነበረም። እሷ ያልመጡት ውስጥ ነበረች። ወንበሯ ላይ ሌላ ልጅ ተቀመጠ። እኔም ረሳኋት ለማለት ይቀለኛል፤ እውነቱ ግን ላስታውሳት አልፈለግሁም።

ያገኘኋት በዚያች ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። አንድ ቀን የዓመቱን ኖት ላባዛ ስገባ ከማሽኑ ኋላ ተቀምጣለች። ሱቁን ያን ዓመት ወደ ከተማው የገባች አክስቷ ገዝታዋለች። ቤት ከመግባት ይሻላል ብላ ማርቆስ መጥታ ከአክስቷ ጋር እየሠራች መኖሯን እሷ ሳትነግረኝ ከሁኔታው ገባኝ። ከመቀመጫዋ ተነሳችልኝ።

«ቲቸር፣ እንደምን ዋሉ?»

«ደህና ነኝ። ትምህርቱስ?»

«ቀረ።»

«አይዞሽ፣ ገና ልጅ ነሽ» አልኋት። ዓይኔን በጨው ታጥቤ ያልሁትን አሁን ሳስበው ፊቴ ይግላል። ኖቱን ሰጠኋት። አንድ በአንድ እያነሳች መስታወቱ ላይ ታስቀምጣለች፤ ማሽኑ ያበራል፤ ወረቀቱ ይወጣል። ሰነፉ ገበሬ ያለበት ገጽ ሲደርስም እንደ ሌላው አነሳችው፣ አስቀመጠችው፣ ተጫነችው። እኔ አጠገቧ ቆሜ ስልኬን ስነካካ ነበር። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያንን ገጽ ለተማሪዎቼ ስታባዛ የኖረችው እሷ ናት።

አምና አባቴ ሞተ። ደብረ ኤልያስ ወርጄ ቀበርሁት፤ ለቅሶውን ተቀምጬ፣ ጢሜን አሳድጌ፣ ጥቁር ለብሼ ተመለስሁ። ወደ ሥራ የገባሁ ቀን ከመምህራን ክፍሉ በር ላይ ስደርስ ከውስጥ የሳቅ ድምፅ ይሰማል። ገባሁ። ሳቁ ቀስ ብሎ ወረደ። ማንም አልተቆጣኝም፣ ማንም አላፈረብኝም፤ ዝም ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። አንዱ ወንበር ሳበልኝ። ተቀመጥሁና ስለ ስብሰባ፣ ስለ ደመወዝ መዘግየት በለሆሳስ ሲያወሩ ሰማሁ። ያን ጊዜ ምንም አልመጣልኝም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ተራው ደርሶ ያቺ ግጥም መጣች። ክፍል ገብቼ፣ እንደ ልማዴ ጊዜ ለመቆጠብ፣ መልእክቱን አስቀድሜ ሰሌዳው ላይ ጻፍሁ። «ገጣሚው ስንፍናን ያወግዛል።» አሰመርሁበት። ከዚያ ወደ ተማሪው ዞሬ ግጥሙን ማንበብ ጀመርሁ። ጎረቤቶቹ በአጥሩ ሥር ሲያልፉ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ የሚለው ላይ ስደርስ ማንበቤን አቆምሁ። የመምህራን ክፍሉ ታየኝ። የተሳበልኝ ወንበር ታየኝ። የቀረውን ለራሴ በዓይኔ አነበብሁት። ሁለቱ ኮፍያዎች ጋ ስደርስ የአባቴ ጋቢ መጣብኝ፤ ቤታችን ውስጥ ምሰሶው ላይ ከተሰቀለበት እስከ ዛሬ ማንም አላወረደውም፤ እናቴ አንዳንድ ጊዜ ጫፉን ትዳስስና ትተወዋለች። ድሎት። እኔ ነኝ ይህን ድሎት ያልሁት።

ከፊት የተቀመጠ ልጅ እጁን አውጥቶ «ቲቸር፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ይጻፍ?» አለኝ። ዞሬ ሳይ ስንፍናን ያወግዛል የሚለው በራሴ እጅ ጽሑፍ፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ ተሰምሮበት ቆሟል። ምን ብዬ እንደ መለስሁለት አላስታውስም። ደወል ሲደወል ግን ሁሉም ገልብጠው ጨርሰው ነበር።

በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ጠዋት ጋሼ ቤት ሄድሁ። ከቤታቸው ደጃፍ ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ኮቱን ዛሬም አላወለቁትም። ስለ አባቴ ነፍስ ይማር አሉኝ። ትንሽ ከቆየሁ በኋላ መጽሐፉን ገልጬ ሰጠኋቸው።

«ጋሼ፣ ይችን ግጥም ያስታውሷታል?»

መነጽራቸውን አድርገው አዩዋት። «እንዴት አላስታውሳት? ሰነፉ ገበሬ።»

«ሰነፍ ነው እንዴ ጋሼ?»

እንደገና አነበቡት። በዚህኛው ቆዩ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ሲጨርሱ መነጽሩን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ወለወሉት።

«ማነው ይህን የጠየቀህ?»

«አንዲት ተማሪ።»

«እኔን አንድም ሰው ጠይቆኝ አያውቅ። አንተም ተማሪዬ ነበርህ፤ አልጠየቅኸኝም።»

«ኖቱ ላይ ተጽፎ ነበር እኮ።»

«አዬ ልጄ» አሉና ሳቅ ቢጤ ሞከራቸው። «መጽሐፉ አዲስ መጥቶ የመምህሩ መምሪያ አልደረሰም ነበር። ሱፐርቫይዘር ነገ ይመጣል ተባልሁ። ደብተሬ ባዶ ሆኖ እንዳይገኝ ቁጭ ብዬ ጻፍሁ። ማሳ አየሁ፣ ያልዘራ ሰው አየሁ፤ ሰነፍ አልሁት። ለጊዜው ነበር፤ በኋላ አስተካክለዋለሁ ብዬ። ሱፐርቫይዘሩ አየና ጥሩ ነው ብሎ ፈረመበት። ከተፈረመበት በኋላ ማን ይነካዋል?»

እሳቸው አላቆሙም።

«እኔ እኮ ያደግሁት ቅኔ ቤት ነው። አንዲት ቅኔ ይዘን እስኪመሽ እንከራከር ነበር። መምህራችን ራሳቸው ሲሳሳቱ አይደለም እንላቸው ነበር፤ አይቆጡም። እንግሊዝኛውን ግን ፈራሁት። የሰው ቋንቋ ነው፤ እኔ ምን አግብቶኝ እጠይቀዋለሁ አልሁ። እናንተም እኔን ፈራችሁ።»

ተናደድሁባቸው። ይህን ሁሉ ዘመን በአንድ ቀን ፍርሃት የተጻፈ ነገር ስናስተምር ኖርን ማለት ነው ብዬ ጥርሴን ነከስሁ። ሳስበው ግን ንዴቱ እሳቸው ላይ አልጸና አለኝ። እሳቸው የልጅቷ ወረቀት አልደረሳቸውም። እኔ ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ፤ ሆዴን ነክቶኝ ዜሮ ሰጥቼበታለሁ።

«ልጅቷ የት ደረሰች?» አሉኝ ስነሳ።

«ትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት ፎቶ ኮፒ ታነሳለች።»

ሌላ አልጠየቁኝም። መጽሐፉን ዘግተው መለሱልኝ።

ኖቱን ለወጥሁት። እንዲህ ብዬ ጻፍሁ። «ሰውዬው ሰነፍ አይደለም፤ ሐዘንተኛ ነው። ሰነፍ ሰው ዘር ተሸክሞ እስከ ማሳው አይሄድም። ጎረቤቶቹ ድምፃቸውን ዝቅ ያደረጉት ሰው ስለሞተበት ነው። አንደኛው ኮፍያ የሟቹ ነው።» ሰዋስውን ከማስተካከል በቀር የጨመርሁት የለም። ከግርጌው ስሟን ልጽፍ አሰብሁ፤ ከዚያ ማን ናት ቢሉኝ ምን እላለሁ አልሁ። ትምህርት ያቋረጠች ልጅ ናት? ዜሮ የሰጠኋት ናት? «አዘጋጅ» ከሚለው ቀጥሎ እንደ ወትሮው የራሴ ስም ሰፈረ።

ለዲፓርትመንት ኃላፊው አሳየሁት። ለምን እንደ ለወጥሁት አልጠየቀኝም። ሁለቱን ገጾች አገላብጦ «ጥሩ ነው፤ ቁልፉንም አብረህ ለውጠው» አለኝ። «ሐዘን የሚል ካለ አምስት፤ ሞት የሚል ብቻ ካለ ሦስት። እንዳንከራከር።» እሺ አልሁት። ከእንግዲህ ግጥሙን አንብቦ ሌላ ነገር የሚያይ ልጅ ቢመጣ ዜሮ የሚያገኘው በእሷ መልስ ነው። ይህ የገባኝ ከቢሮው ወጥቼ ደረጃውን ስወርድ ነበር፤ ተመልሼ ግን አልገባሁም።

ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቷ የሄድሁት ምሳ ሰዓት ላይ ነው፤ ተማሪ ሳይበዛ ይቅርታ ልላት። መንገድ ላይ የምለውን ሳዘጋጅ ነበር። በደልሁሽ ልላት፤ ልክ ነበርሽ ልላት፤ የማታ ትምህርት መመዝገብ ከፈለግሽ እኔ አለሁ ልላት። ስገባ ብቻዋን ናት። አዲሱ ኖት የተጻፈበትን ሉክ ሰጠኋት። እንደ ሁልጊዜው መስታወቱ ላይ ልታስቀምጠው ካለች በኋላ ዓይኗ የሆነ መስመር ላይ ወደቀና እጇ ቆመ። ቁማ አነበበችው። እስከ ታች፣ እስከ ስሜ ድረስ።

«ያንቺ መልስ ነው» አልኋት።

«አውቄዋለሁ።»

«ያን ቀን ስለ አባትሽ ልትነግሪኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ምን ነበር?»

ትከሻዋን ነቀነቀች። «ምንም አይደለ። ወንድሜ የሞተ ዓመት አባቴ ዘሩን እየተሸከመ ማሳው ዳር ቆሞ ይመለስ ነበር። እርሻ ያው በሁለት ሰው ነው። ኋላ ጎረቤት ተሰብስቦ ዘራልን። ሲዘሩ ውለው ሲሄዱ አንድም ሰው ጮክ ብሎ አልተናገረም።»

ያዘጋጀሁትን አልተናገርሁም፤ ይቅርታ የሚለው ቃል ለዚህ ነገር የሚያንስ መሰለኝ። እሷ ሉኩን በእጇ እንደ ያዘች ትንሽ አሰበች። ቁጣ አላየሁባትም። ቁጣ ብታሳየኝ ይቀለኝ ነበር።

«ቲቸር፣ ተማሪዎቹ ሊገዙ ሲመጡ ይጠይቁኛል» አለች። «ይኼ ፈተና ላይ ይመጣል?»

ዓመቱን ሙሉ ክፍሌ ስትቀመጥ አንድም ቀን ያልጠየቀችኝ ጥያቄ ነው።

«ይመጣል» አልኋት።

«ስንት ማርክ አለው?»

«አምስት።»

ራሷን በእሺታ ነቀነቀች። ሉኩን በፊቱ ደፍታ መስታወቱ ላይ አስቀመጠችውና ክዳኑን ዘጋች።

«ስንት ኮፒ ይሁን?» አለችኝ።